የአያ ጅቦ ስምንት ክንድ ቴሌቪዥን

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ ቴሌቪዥን ማየት በለመዱበት ዘመን፣ አያ ጅቦ ከወንዙ ማዶ በአንዲት ጠባብ ዋሻ ውስጥ ይኖር ነበር። ዋሻዋ ጠባብ ትሁን እንጂ ደረቅ ነበረች። ብርድ አይገባትም፤ ደፏ ላይም አባቱ አንከባልሎ ያቆማቸው ትልልቅ ድንጋዮች ስለነበሩ ጎርፍ ቢመጣ ዞሮ ያልፋታል። አያ ጅቦ ግን ለዚህ ሁሉ አንድ ቀን «ተመስገን» ብሎ አያውቅም። ጅብ ሲበላ እንጂ ሲያመሰግን ማን አይቶ ያውቃል?

በዚያ አገር ቴሌቪዥን የነበራት እመት አህዪት ብቻ ነበረች። የአገሩን ጭነት በጋሪዋ ስታመላልስ ኖራ በድካሟ ያገኘቻት፣ ከሰፌድ የማትበልጥ ሚጢጢ ቴሌቪዥን ናት። ጣሪያዋ ላይ ካለችው የፀሐይ መብራት ጋር አገናኝታት፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል በሯን ወለል አድርጋ ትከፍትና «ግቡ! ኧረ ግቡ! ቤት ለእንግዳ አይጠብም!» ትላለች። እንግዶቿም ባነጠፈችው ቁርበት ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ያያሉ።

«በግና ነብር ትከሻ ለትከሻ? እንዴት ተደርጎ?» እንዳትሉኝ። የአገሩ ገዥ አያ አንበሶ አዋጅ አስነግሮ ነበር፦ «ቴሌቪዥን ሲከፈት አፍ ይዘጋ!» ብሎ። ቴሌቪዥን በተከፈተበት ቦታ ማንም ማንንም አይበላም። ከተዘጋ በኋላ ግን ያው እንደ ጥንቱ ነው። እመት አህዪትም ሞኝ አይደለችምና የመጨረሻውን እንግዳ ሸኝታ በሯን ሳትቀረቅር ቴሌቪዥኗን ዘግታ አታውቅም።

አንድ ቀን ታዲያ ስለ ከብት ማድለብ የሚያሳይ ፕሮግራም መጣ። ሻኛቸው የተቆለለ፣ ቆዳቸው የሚያብረቀርቅ ሰንጋዎች በተርታ ታስረው ገለባ ያመነዥካሉ። አያ ጅቦ ዓይኑን ተክሎ፣ ምራቁን እየዋጠ ሲያይ ሲያይ ጥርሱ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ሥራ ጀመረ። ፕሮግራሙ አልቆ እንግዶች ሲነሱ የተቀመጠበት ቁርበት ግማሹ የለም።

«አያ ጅቦ፣ ቁርበቴስ?» አለች እመት አህዪት።

«የቱ ቁርበት?»

«የተቀመጥክበት ነዋ!»

«እ… እሱማ ጠርዙ ረዝሞ ሲያስቸግርሽ አየሁና አስተካከልኩልሽ» አለ አያ ጅቦ፣ ከጥርሱ መሀል ፀጉር እየጎለጎለ።

ጦጢት ከቋሚው ላይ ሆና አጨበጨበች። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። እኛ ግን ጉዶቹ፣ እያወቅነው አነጠፍንለት!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። በግ እንኳ ሳቀች፤ ደግሞ የበግ ሳቅ ልብ ያቆስላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አያ ጅቦ ሲመጣ የሚቀመጠው በሩ ጥግ፣ ባዶ መሬት ላይ ሆነ። እመት አህዪት ከደጅ አልመለሰችውም፤ ያንን ሁሉ ጥርስ ቤቷ ማስገባቷን አልተወችም። እሱ ግን ያጣውን ቁርበት እንጂ የተከፈተለትን በር አላየም። «ቆዩ ብቻ» ይል ነበር በሆዱ። «የሷን አሥር እጥፍ የሚሆን ቴሌቪዥን እገዛለሁ። ያን ጊዜ አንጣፊው እኔ፣ ለማኞቹ እናንተ!» ከጥጋብ ቀጥሎ በዚህ ዓለም የሚፈልገው ነገር ቢኖር፣ እንግዳ በበሩ ገብቶ «አያ ጅቦ፣ አከበርከን» ሲለው መስማት ነበር።

ይህንን ምኞቱን ማን አሸተተ? አቶ ቀበሮ ነዋ። አቶ ቀበሮ ነጋዴ ነው፤ ምላሱ ቅቤ፣ ዕቃው ሁሉ የሰው ትርፍራፊ። በዚያ ሰሞን አባ ዝሆን አገር ለቆ ወደ ቆላ ሲወርድ ትቶት የሄደውን ግድግዳ የሚያህል ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን አንስቶ ገዥ ያፈላልግ ነበር።

«አያ ጅቦ፣ ማዕረግህን የሚመጥን ዕቃ አለኝ» አለው መንገድ ላይ ጠብቆ።

«ትልቅ ነው?»

«ትልቅ ነው ወይ ትለኛለህ? በሬ በቁሙ ይታይበታል!»

የአያ ጅቦ ሆድ አጉረመረመ። «በሬው… ከነሻኛው?»

«ከነሻኛው፣ ከነጭራው!»

«ቤቴ ይገባ ይሆን?» አለ አያ ጅቦ። ይቺን መጠየቁ ራሱ ለሱ ትልቅ ጥበብ ነበረች።

«ይለካላ! ንግድ ያለ ልክ የት አለ?» አቶ ቀበሮ ወደ ዋሻው ሄደና በዚያች አጭር ክንዱ የዋሻውን አፍ ከጥግ እስከ ጥግ ለካ። «ስምንት ክንድ!» አለ ጮክ ብሎ። ቀጠለና «ቴሌቪዥኑ ደግሞ አባ ዝሆን በገዛ ክንዱ የለካው ነው። ስንት እንዳለ ታውቃለህ? ስምንት ክንድ!»

«ስምንትና ስምንት!» አያ ጅቦ ዘለለ። «ልክክ ያለ ነዋ! ለኔ ተብሎ የተሠራ ነው!»

ለክፉ ቀን ብሎ ያከማቸውን አጥንት በሙሉ ለቀበሮ አስረከበ። በዚያው ቀን ለመንደሩ ሁሉ «ነገ ቴሌቪዥኔን አስመርቃለሁ፤ ቁርበት አንጥፌ እጠብቃችኋለሁ» ብሎ ላከ።

ዕቃውን በጋሪዋ የጫነችው ያው እመት አህዪት ናት፤ ሥራዋ ነው። ዋሻው ቁልቁለት ጋ ስትደርስ ቀና ብላ ቴሌቪዥኑን፣ ዝቅ ብላ የዋሻውን አፍ አየች።

«አያ ጅቦ፣ ይሄ ነገር እዚህ ይገባል?»

«ተለክቷል። ስምንት ክንድ።»

«በማን ክንድ?»

«ክንድ ክንድ ነው! ቅናት ነው የያዘሽ?»

«ኧረ እኔስ አልቀናሁም። ለመልካም ያድርግልህ» አለችና ዕቃውን ደጁ ላይ አውርዳ ሄደች። እዚያ ሰፈር ብዙ መቆም አትወድም።

አያ ጅቦ ከውስጥ እየሳበ፣ አቶ ቀበሮ ከውጭ እየገፋ ታገሉ። በቁመት ሞከሩት፣ እምቢ አለ። በጎን ሞከሩት፣ እሱም እምቢ አለ።

«ገባኝ!» አለ አቶ ቀበሮ ግንባሩን መትቶ። «ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ አይደለም። እነዚህ ደፉ ላይ ያሉት ድንጋዮች ናቸው የከለከሉት።»

«እነሱንማ አባቴ ነው ያቆማቸው።»

«አባትህ ቴሌቪዥን ነበረው?»

«አልነበረውም።»

«ታዲያስ!»

መልሱ ለአያ ጅቦ በቂ ነበር። የአባቱን ድንጋዮች አንድ በአንድ ወደ ቁልቁለቱ አንከባለላቸው። ተመልሶ ከውስጥ ሆኖ በጥርሱ ሲጎትት፣ ቀበሮም ከውጭ ሲገፋ፣ ቴሌቪዥኑ ጓ! ብሎ በዋሻው አፍ ላይ ጉሮሮ እንደያዘው አጥንት ተሰነቀረ። አቶ ቀበሮ ከቴሌቪዥኑ ጋር የሸጠለትን የፀሐይ መብራት ደጁ ላይ አቁሞ፣ ገመዱን በቀዳዳ አቀብሎት፣ «በል፣ በደስታ እይበት» ብሎ እብስ አለ።

ቴሌቪዥኑ ተከፈተ። ዋሻው በብርሃን ተሞላ፤ አያ ጅቦም በደስታ አጓራ። ዕድሉ ሆኖ ያው የከብት ማድለቢያ ፕሮግራም ይተላለፋል። ግን በሬው የታለ? ከፊቱ የሚታየው አንድ ሰፊ፣ ጥቁር፣ እርጥብ ጉድጓድ ብቻ ነው። «ምንድን ነው ይሄ? ሌላ ዋሻ ነው እንዴ?» ብሎ አፍንጫውን አስጠጋ። ለካስ የበሬው አፍንጫ ኖሯል! በሙሉ ላየው ብሎ ወደ ኋላ ሲል ጭራው ከዋሻው ግድግዳ ጋር ተላተመ። ከዚያ ወዲያ መሄጃ የለም። ወደ ግራ ዞሮ ቀንዱን ሲያይ ሻኛው ያመልጠዋል፤ ወደ ቀኝ ዞሮ ጭራውን ሲያይ የበሬው ራስ የት እንደገባ አያውቅም። አንገቱ ተቆለመመ፣ ዓይኑ እንባ አዘለ፤ የበሬው እምቧታ በዚያች ጠባብ ዋሻ እየተጋጨ ጆሮውን አደነቆረው። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ መስታወቱን ላሰው። አቧራ አቧራ አለው።

በማግስቱ እንግዶች መጡ። የቴሌቪዥኑን ጥቁር ጀርባ እያዩ ደጁ ላይ ተኮለኮሉ።

«አያ ጅቦ፣ እንኳን ደስ አለህ! በየት በኩል ነው የሚገባው?»

«በበሩ ግቡ!» አለ ከውስጥ።

«በሩ የታለ?»

አያ ጅቦ ዙሪያውን አየ። «በሩ…» አለ፣ ድምፁ ሟሸሽ ብሎ፣ «በሩ ቴሌቪዥኑ ነው።»

ጦጢት መሬት ላይ ተንከባለለች። «አዋጁ ተፈጸመ ጃል! ቴሌቪዥን ተከፈተ፣ የዋሻው አፍ ተዘጋ!»

እንግዶቹ የጨዋ ልጆች ናቸውና «ለመልካም ያድርግልህ» ብለው መርቀው ወደ እመት አህዪት ቤት ሄዱ። አያ ጅቦ ላነጠፈው ቁርበት እንግዳ አላገኘለትም። ብቻውን ተቀመጠበት፤ ትንሽ ቆይቶ ቁርበቱም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ልውጣ ቢል እምቢ አለው። በትከሻው ገፋ፣ በጭንቅላቱ ገጨ፤ ቴሌቪዥኑ ወይ ፍንክች። ለመጮህ ደግሞ አፈረ። «ብጮህ ምን ይሉኛል? በገዛ ቴሌቪዥኑ ታሰረ ይሉኛል» እያለ ጦሙን ሰነበተ። አጥንት እንዳይቆረጥም አጥንቱ ቀበሮ ቤት ነው። ያ የሰባ በሬ በየቀኑ ፊቱ ላይ እየመጣ ያመነዥክበታል። እንደዚህ ያለ ግፍ በጅብ ላይ ደርሶ አያውቅም።

አንድ ቀን፣ በቀትር፣ ሰማዩ ጠቆረ። የሐምሌ ዶፍ ነው። መጀመሪያ ፀሐይ ስትጠፋ ቴሌቪዥኑ ድርግም ብሎ ጠፋና ዋሻው ጨለመ። ቀጥሎ አያ ጅቦ እግሩ ሥር ቀዝቀዝ ያለ ነገር ተሰማው። ጎርፉ ድሮ ድንጋዮቹ ወደነበሩበት ደፍ መጥቶ፣ የሚመልሰው ሲያጣ፣ በቴሌቪዥኑ ሥር ሰተት ብሎ ገባ። ገብቶም አልቀረ፤ ቁርጭምጭሚቱን አለፈ፣ ጉልበቱን አለፈ፣ ሆዱ ጋ ደረሰ።

«ኡኡ! የአገር ያለህ!» እፍረቱን ውሃ ወሰደው። «ድረሱልኝ! ልሞት ነው!»

በዚያ ያልፍ የነበረው አቶ ቀበሮ ቆም አለ።

«ወዳጄ ቀበሮ! ዕቃህን ውሰድልኝ! አጥንቱም ይቅርብኝ፣ ብቻ አውጣኝ!»

«አዝናለሁ አያ ጅቦ» አለ አቶ ቀበሮ ጆሮውን ከዝናቡ እየከለለ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።» ብሎም ሄደ።

ቀጥላ የደረሰችው ከገበያ በጋሪዋ የምትመለሰው እመት አህዪት ናት። ጩኸቱን ሰምታ ቆመች። እግሯ «ሂጂ» ይላታል፣ ጆሮዋ «ቁሚ» ይላታል።

«አያ ጅቦ?»

«እመት አህዪት! እናቴ! ውሃው ደረቴ ጋ ደርሷል!»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል ወይስ ተዘግቷል?»

አያ ጅቦ ጥያቄው ወዲያው ገባው፤ እንዲህ ፈጥኖ የገባው ነገር በሕይወቱ የለም። «ተከፍቷል» ካላት አዋጁ ይጠብቀኛል ብላ ትመጣለች። «ተዘግቷል» ካላት መሄዷ ነው፤ እሱም እዚያው ሰምጦ መቅረቱ ነው። ከውጭ ያለው ጀርባው ነው፤ አታየውም። ምላሱ ጫፍ ላይ «ተከፍቷል» መጣች። ነገር ግን ያቺ ሚጢጢ ቴሌቪዥን ትዝ አለችው። ቁርበቱን ከበላባት በኋላ እንኳ ይከፈትለት የነበረው በር ትዝ አለው። ሆዱ ባዶ ሲሆን ነው መሰለኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቡ ቦታ አገኘ።

«ተዘግቷል» አለ። «መብራቱ ጠፍቷል። ግን እመት አህዪት… አፌም ተዘግቷል።»

ዝናቡ ብቻ ተሰማ። አያ ጅቦ ሄደች ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ የጋሪው ጎማ ጭቃውን እየረገጠ ሲቀርብ ሰማ።

«ስማኝ» አለች። «የጋሪዬን ጠፍር በዚህ ጥግ አሾልክልሃለሁ። በጥርስህ ይዘህ ከቴሌቪዥኑ ወዲያ ዙረህ በዚያኛው ጥግ አውጣልኝ። አያ ጅቦ፣ ጠፍሩ የበሬ ቆዳ ነው። እንዳታኝከው!»

እንግዲህ ፈተና ማለት ይሄ ነው። ተርቦ የሰነበተ ጅብ፣ አፉ ውስጥ የበሬ ቆዳ፣ ያውም በዝናብ ርሶ የለሰለሰ። ሽታው አንጎሉ ድረስ ወጣ። ጥርሱ እንደ ልማዱ ሊጀምር ሲል «አርፈህ ተቀመጥ!» አለው። ውሃው አገጩ ሥር እየተንቦጫረቀ፣ እንባው እየወረደ፣ ጠፍሩን ተሸክሞ ከጥግ እስከ ጥግ ተሻገረ፤ በቀዳዳውም ሙሉውን፣ ሳይጎድል አሾለከላት።

እመት አህዪት ሁለቱን ጫፍ ጋሪዋ ላይ አሰረች። «በል ግፋ!» እሷ ስትጎትት፣ እሱ ሲገፋ፣ እሷ ስታቃስት፣ እሱ ሲያጓራ፣ ቴሌቪዥኑ ጎርፉን አስከትሎ ወጣና ለምለሙ ሣር ላይ በጀርባው ተጋደመ። አያ ጅቦም ከውሃው ጋር ተንከባልሎ ፊቷ ወደቀ።

ቀስ ብሎ ተነሣ። ሁለቱ ተፋጠጡ። ቴሌቪዥኑ ተዘግቷል፤ አዋጅ የለም፤ እመት አህዪት ከጋሪዋ ጋር እንደታሰረች ናት፣ መሮጥ አትችልም። የአያ ጅቦ ሆድ ነጎድጓድ የሚያስንቅ ጩኸት ጮኸ።

አፉን ከፈተ። እመት አህዪት ዓይኗን ጨፈነች።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ አያ ጅቦ።

ቃሉን ከዚያ በፊት ተናግሮት ስለማያውቅ ትንሽ ተንተባተበ። ወዲያው ደገመው፤ ሁለተኛው ቀለለው። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እመት አህዪት። ላሁኑም፣ ለበፊቱም። ለቁርበቱም።»

እመት አህዪት አንድ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየችው። «አብሮ ይስጥልን» አለች፣ ድምፁ ከየት እንደወጣላት ሳታውቀው።

ነገሩ አያ አንበሶ ጆሮ ደረሰ። አቶ ቀበሮን አስጠራውና «ቤቱን በራስህ ክንድ፣ ዕቃውን በዝሆን ክንድ ለክተህ ሸጥክ አሉ» አለው። «አሁን ደግሞ እኔ አንተን በኔ ክንድ ብለካህስ?» ብሎ መዳፉን ዘረጋ። አያ አንበሶ ጥፍሩን አውጥቶ ሳይጨርስ አጥንቱ በሙሉ አያ ጅቦ ደጅ ላይ ተራግፎ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ የፀሐይ መብራቱን አቧራ በየማለዳው የሚወለውለውም አቶ ቀበሮ ነው።

ዶፉ ሲያባራ አያ ጅቦ ወደ ቁልቁለቱ ወረደ። የአባቱን ድንጋዮች እያቃሰተ አንከባልሎ አወጣቸው፣ በየቦታቸውም አቆማቸው፤ ጭቃቸውን በጭራው ጠርጎ «ተመስገን» አለ። በጠባቧ ዋሻው ገብቶ ጥቅልል ብሎ ሲተኛ፣ ደረቅ ወለል እንዴት እንደሚጣፍጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አወቀ።

ያ ጉደኛ ቴሌቪዥንስ? መስኩ መሀል፣ ትልቁ ዋርካ ሥር አቆሙት። ያኔ ነው ወግ ያለው ዕቃ የሆነው። ከሩቅ ሆነው ሲያዩት በሬው ከነቀንዱ፣ ከነሻኛው፣ ከነጭራው በሙሉ ታየ። አባ ዝሆንም ለጥየቃ ከቆላ መጥቶ አይቶት «እኔስ መች ቤት አስገባሁት? ሁልጊዜም ሜዳ ላይ ነበር የማየው» አለ።

ለምርቃቱ ቀን አገሩ ሁሉ መስኩን ሞላው። አያ ጅቦ እንደ ልማዱ ዳር ሄዶ ባዶ መሬት ላይ ሊቀመጥ ሲል እመት አህዪት ጠራችው። ከፊት ለፊት፣ ከራሷ ቀጥሎ፣ አዲስ ቁርበት አንጥፋለች።

«ለማን ነው?» አለ።

«ላንተ ነዋ። ጅብ በሚያውቁት አገር ቁርበት ተነጠፈለት ይባል እስቲ» አለች።

ጦጢት እንኳ ያን ቀን ያለ ፌዝ አጨበጨበች። አያ ጅቦ ቁርበቱ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ በሬው እንኳ በደንብ አልታየው አለ። ሲመሽ ሁሉም ተነሥተው ቁርበቱን አዩ፦ ከዳር እስከ ዳር ሙሉ ነው። አንዷ ጥግ ብቻ ትንሽ ረጥባለች፤ እሱም ላሳት እንጂ አልነከሳትም።

ከዚህ የምንማረው፣ ትልቅ ዕቃ ከመመኘታችን በፊት ቤታችንን በገዛ ክንዳችን መለካት እንዳለብን፣ ከትንሽ ነገሩ ላይ ለሚያካፍለን ጎረቤትም ጎርፍ ሳይመጣ «እግዜር ይስጥልኝ» ማለት እንደሚገባን ነው።